ከፊደል ጀምሮ፦ ግራፊክስን በራስ ተምሮ በሰሜን ሸዋ የዲዛይን ሥራ መክፈት

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወርዶ አስፋልቱን ይዞ የሚራመድ ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚያነበው ነገር ሁሉ፣ የሆቴሉ ሰሌዳ፣ የመድኃኒት ቤቱ ስቲከር፣ በመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የማስጠናት ማስታወቂያ፣ በባጃጅ ጀርባ ያለው ጥቅስ ጭምር፣ አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ያዘጋጀው ነው። ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን አንድ ጉድለት ተደጋግሞ ይታየዋል። ሥዕሉና ጌጡ ከኢንተርኔት የወረደ በመሆኑ ያምራል፤ የአማርኛው ጽሑፍ ግን ወይ ተጨፍልቋል፣ ወይ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ወይም በተረፈው ቦታ ተወሽቋል። በእኔ እምነት በዚህ አካባቢ ሆኖ ግራፊክስን በራሱ ለመማርና በሙያው ለመተዳደር ለሚያስብ ሰው መግቢያው በር ይኸው ጉድለት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከፎቶ ማሳመር ሳይሆን ከፊደል ይጀምራል፤ ወደ ዋጋ፣ ወደ ውልና ወደ ንግድ ፈቃድ የሚደርሰውም በዚያው መንገድ ነው።

መነሻ ዕቃ

ለመጀመር ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለሎጎ፣ ለካርድ፣ ለመለያ ወረቀትና ለባነር ሥራ ይበቃል፤ በ4 ጊጋባይትም ቢሆን ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ገንዘብ ከተገኘ በቅድሚያ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ፋይልን ፈጥኖ በሚያነብ ማስቀመጫ፣ በኤስ.ኤስ.ዲ.፣ ማስቀየር ከሁሉም የተሻለ ወጪ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማውስ ነው። በላፕቶፑ መዳሰሻ ላይ በጣት እየጎተቱ ኩርባ መሥራት በጓንት መርፌ እንደ መያዝ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ማለዳ ለመሥራት የሞከረ ሰው ደግሞ ጓንቱን እንደ ምሳሌ ብቻ አያየውም።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ በሦስት ነፃ ፕሮግራሞች ቢጀምሩ እመክራለሁ፤ ለፊደል፣ ለሎጎና ለመስመር ሥዕል ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶ ጂምፕ፣ ብዙ ገጽ ላለው መጽሔትና ለህትመት ዝግጅት ደግሞ ስክራይበስ። ኢንክስኬፕ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ሲታደል የቆየ ሲሆን፣ ሠርቶ ገቢ ማግኘትንም አይከለክልም። በከተማው ውስጥ ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር በፍላሽ እየተቀዱ እንደሚዞሩ የታወቀ ነው። ቁልፋቸው የተሰበረ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከቫይረስ ጋር ይመጣሉ፤ የሌላ ሰው የፈጠራ ሥራ ሲሰረቅ የሚቆጨው ባለሙያ ሥራውን በተሰረቀ መሣሪያ መጀመሩም ደስ አይልም። ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀመው ሌላ ፕሮግራም ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሁሉንም የሚያግባባቸው ፒዲኤፍ ነው። ፕሮግራሞቹንና የትምህርት ቪዲዮዎቹን ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ዕለት አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ይገባል፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር የሚቋረጥ ትምህርት አይገፋም።

ነጥብና መስመር

በኮምፒውተር የሚሠራ ሥዕል በጥቅሉ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ፒክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሰፋ ነው፤ በስልክ የሚነሣ ፎቶ ሁሉ የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ቬክተር ይባላል፤ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የነጥቦች ክምችት ሳይሆን መስመሩ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ታጥፎ የት እንደሚያርፍ የሚናገር ስሌት ነው። ቬክተር ቢያሳድጉትም ቢያሳንሱትም ጠርዙ አይሸረፍም፤ በቢዝነስ ካርድ ላይ የጠራው ሎጎ በሕንጻ ላይም ይጠራል።

ልዩነቱ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። አንድ ደንበኛ «ሎጎዬ ይኸው» ብሎ ከስልኩ ስክሪን ላይ ያነሣውን፣ ወርዱ 300 ፒክሰል የሆነ ምስል በቴሌግራም ቢልክልዎና ያንኑ ምስል ሦስት ሜትር በሆነ ባነር ላይ ከዳር እስከ ዳር ቢያነጥፉት፣ እያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ይሆናል። ከሩቅ እንኳ ያስታውቃል። መፍትሔው ሎጎውን በቬክተር እንደገና መሣል ሲሆን፣ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ራሱን የቻለ ዋጋ ይኑረው። ቴሌግራም ፎቶን አጭቆ እንደሚልክም ይወቁ፤ ደንበኛውን «እባክዎ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩልኝ» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

አንዲት «በ»ን በትክክል መሥራት

የኢንክስኬፕን ሜኑ አንድ በአንድ ከማጥናት ይልቅ አንድን ፊደል በትክክል መሥራት የበለጠ ያስተምራል። እጁ የተዋጣለት የሰሌዳ ጸሐፊ በብሩሽ የጻፈውን አንድ የቆየ ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆመው በስልክ ያንሡ። ፎቶውን ወደ ኢንክስኬፕ ያስገቡ፣ ግልጽነቱን ወደ ግማሽ ያውርዱ፣ ሌየሩን፣ ማለትም ፎቶው የተቀመጠበትን ንጣፍ፣ ይቆልፉ፣ ከላዩም አዲስ ሌየር ይክፈቱ። ከዚያ በኪቦርዱ ላይ «ቢ» የሚለውን የላቲን ፊደል ሲጫኑ የብዕር መሣሪያው ይመጣል።

ጀማሪ «በ»ን ሲከተል በየሁለት ሚሊ ሜትሩ ነጥብ እየተከለ ይሄዳል፤ ሲጨርስ ሠላሳ አርባ ነጥብ ያለው፣ ጠርዙ በጥርስ የተግጠገጠ የሚመስል ቅርጽ ያገኛል። «በ» የሚያስፈልጋት አሥር ነጥብ ነው። ከውጭ በኩል በግራው እግር ግርጌ አንድ፣ እግሩ ወደ ትከሻው መታጠፍ በሚጀምርበት አንድ፣ በአናቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ አንድ፣ በቀኝ በኩል ትከሻው በሚያልቅበት አንድ፣ በቀኙ እግር ግርጌ አንድ፤ ከውስጥ በኩልም በተመሳሳይ ሁኔታ አምስት። ደንቡ ቀላል ነው። ነጥብ የሚተከለው ማዕዘን ባለበት፣ ቀጥታው ወደ ኩርባ በሚለወጥበትና ኩርባው የመጨረሻ ጫፉን በሚነካበት ቦታ ብቻ ነው። ከነጥቡ ግራና ቀኝ የሚወጡትን እጀታዎች የኮንትሮል ቁልፍን ተጭነው በአግድም ወይም በቁም ብቻ ሲጎትቱ ኩርባው ራሱ ይስተካከላል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ቤዚየር ይህን የኩርባ አሠራር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሬኖ ውስጥ ሲያዳብረውና ሲያስተዋውቀው የታሰበው ለመኪና አካል ቅርጽ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነበው ፊደል ሁሉ በዚሁ ዓይነት ኩርባ የተሠራ ነው።

«በ» ከተሠራች በኋላ ስድስቱን ወንድሞቿን ከእርሷ ያውጡ። «ቡ» በቀኝ ወገቧ ላይ፣ «ቢ» በቀኝ እግሯ ግርጌ ቅጥያ ይጨመርላቸዋል፤ በ«ባ» የግራው እግር ያጥራል፣ በ«ቦ» ደግሞ የቀኙ። «ቤ» ከግርጌዋ ቀለበት አላት፤ ይህች ቀለበት ሁነኛ አስተማሪ ነች። ፊደሉ በስክሪን ላይ ተልቆ ሲታይ ቀለበቷ ያማረች ትመስላለች፤ በቢዝነስ ካርድ ላይ በትንሹ ሲታተም ግን ውስጧ በቀለም ይሞላና ነጥብ ትሆናለች፣ አንባቢውም «ቤ»ን ከ«ቢ» መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ለትንሽ ጽሑፍ የሚመረጥ ፎንት (በአንድ ስልት የተሠራ የፊደላት ስብስብ) ቀለበቶቹ ሰፋ ያሉ ሊሆኑ ይገባል። ጽሑፍን ለማወፈር ዙሪያውን መስመር መጨመርም የሚከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውፍረት ከተፈለገ ወፍራም ሆኖ የተዘጋጀውን የፎንቱን ዓይነት ይጠቀሙ።

በዚህ ልምምድ ሁለት ሳምንት መቆየት የሚያሰለች ይመስላል። ሆኖም ቬክተር፣ ነጥብ፣ እጀታ፣ ሌየር፣ ቅርጾችን ማዋሐድና መቀነስ ሁሉ በአንድ ፊደል ቤተሰብ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሎጎ ያን ያህል አዲስ ነገር አይሆንም።

ፎንትና የሙሽራው እናት

ለንግድ ሥራ በነፃ እንዲውሉ የተፈቀዱ ጥሩ የአማርኛ ፎንቶች አሉ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ለጀማሪ ይበቃሉ። በአንድ ሥራ ላይ ከሁለት ፎንት በላይ አይጠቀሙ። የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ይልቅ ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ለእንግሊዝኛ አስቦ በሚሰጠው ክፍተት ከተውት ገጹ ይታፈናል። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ለዓይን አንድ ቢመስልም ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ መስመር ሲያልቅ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሊቀር ይችላል። ጽሑፍ ከደንበኛ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ ይህን ፈልገው ይተኩ።

ሌላው የዘወትር ፈተና አሮጌ ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ለየቋንቋው ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ደብቀው ያስቀምጡ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንቡን በፍላሽ ይዘው መጥተው ሲከፍቱት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ካዩ ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተጻፈበት ፎንት በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። ፎንቱን ፈልጎ መጫን፣ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ፣ ካልሆነም እንደገና መተየብ ይቻላል፤ በማንኛውም መንገድ የተገኘው ጽሑፍ ግን ከዋናው ጋር ቃል በቃል መነበብ አለበት።

የፎንትን ነገር እኔ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት 400 የሠርግ ጥሪ ካርድ ሠርቼ ፋይሉን በፍላሽ ለማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእኔ ፎንት አልነበረምና ፕሮግራሙ በሌላ፣ ወርዱ ሰፋ ባለ ፎንት ተክቶት ነበር። ጽሑፉ ሰፋ፣ ከተዘጋጀለት ሳጥን ሞልቶ ፈሰሰ፣ «ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ» የሚለው የመጨረሻ መስመርም ከሳጥኑ በታች ተውጦ ቀረ። እኔ ጌጡን እንጂ ጽሑፉን አላየሁም። ያዩት የሙሽራው እናት ናቸው፤ ካርዱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠግተው ካነበቡ በኋላ «ልጄ፣ እንግዳው ሌሊት ይምጣ ነው የምትለው?» አሉኝ። ካርዱ በሙሉ በእኔ ወጪ ተደግሞ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ፋይል ከቤቴ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉን በሙሉ ወደ ቅርጽ እቀይራለሁ፤ በኢንክስኬፕ ጽሑፉን መርጦ ሺፍት፣ ኮንትሮልና «ሲ»ን አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ከተቀየረ በኋላ ፊደል ማረም ስለማይቻል ግን የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ፤ የሚላከውን በሌላ ስም ይሰይሙ።

ካርድና ካሌንደር ለሚሠራ ሰው የቀን አቆጣጠርም የሙያው አካል ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ቀን ስለሆኑ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ዕለት በሁለት ይገፋል፤ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ስለዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ውሏል። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ከአውሮፓው አቆጣጠር ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይዛወራል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በጃንዋሪ 19 ሳይሆን በ20 የዋለው ለዚህ ነው። ዕለቱንና ቀኑን ደንበኛው የነገረዎ ቢሆንም እንኳ ራስዎ ያመሳክሩ።

የሦስት ወር ልምምድ

ቪዲዮ እያዩ መዋልና መማር አንድ አይደሉም። አንድን ቪዲዮ አይተው በማግሥቱ ቪዲዮውን ሳይከፍቱ ያንኑ ሥራ ከመነሻው መሥራት ካልቻሉ እንዳላዩት ይቁጠሩት። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ያለቀ ሥራ፣ ይህ ለሦስት ወር ከተጠበቀ ለገበያ የሚበቃ እጅ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ወረቀትና እርሳስ አለ፤ እንዲያውም ሎጎን በወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ ሳይሞክሩ ኮምፒውተር መክፈት የተለመደ ስህተት ነው። መብራት ባለበት ጊዜም ሥራውን በየጊዜው ለማስቀመጥ ጣት በኮንትሮልና በ«ኤስ» ላይ ይልመድ።

ከፊደል ቀጥሎ የሐረግ ልምምድ ይምጣ። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለው ሐረግ አንዲት ትንሽ ጥምዝ ተገልብጣ፣ ተደግማና ተያይዛ የምትሠራው ጌጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ኮምፒውተር እጅግ የሚችለው ነገር ነው። አንዱን ሩብ በጥንቃቄ ሣልተው ቀሪውን በመገልበጥና በማባዛት ሲጨርሱት ስለ ሚዛን ማንም መጽሐፍ ከሚያስተምረው በላይ ይማራሉ። ከዚያም በከተማዎ ካሉት ሰሌዳዎች አምስቱን መርጠው ለራስዎ እንደ አዲስ ይሥሩ፤ አንዱ የዳቦ ቤት፣ አንዱ የጋራዥ፣ አንዱ የልብስ ስፌት ቤት ይሁን። ለባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ወስዶ «የእርስዎ መጥፎ ነው» ማለት ግን ደንበኛ አያመጣም፤ ለደንበኛ በሚያሳዩት የሥራ ስብስብዎ ውስጥ ያስቀምጧቸው።

ቀለምን ለመማር የአንኮበሩን ተወላጅ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ማየት ይጠቅማል። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕላቸው ሰውንም ሰማይንም በትልልቅ ባለቀለም ቁራጮች ከፍሎ በጥቁር መስመር ያያይዛል። አንድን የቤተሰብ ፎቶ ወስደው በኢንክስኬፕ ከሃያ በማይበልጡ ቁራጮችና ከስድስት በማይበልጡ ቀለማት ለመሣል ይሞክሩ፤ ምን መጣል እንዳለበት መወሰን የሚለመደው በዚህ ነው።

ባለሦስት ገጽታ ሥዕልን በተመለከተ ብሌንደር የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። ቁም ሣጥንና ሶፋ ለሚሠሩ ሰዎች ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ለደንበኛ የሚታይ ሥዕል ማዘጋጀት በእርሱ ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት ግን ባይነኩት ይሻላል።

ከስክሪን ወደ ወረቀት

ስክሪን ቀለምን የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያው ደግሞ ከሳያን፣ ከማጀንታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ቀለም። በስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ የሚወጣው ማተሚያ ቤቱ ስላጭበረበረ ሳይሆን ያ ብርሃን በቀለም ስለማይገኝ ነው። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር፣ ከተቻለም አንድ የሙከራ ቅጂ አሳትሞ ማሳየት ጭቅጭቅን ያስቀራል። ትንንሽ ጽሑፍ ሁልጊዜ በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን፤ ከአራቱም ቀለማት የተቀላቀለ ጥቁር ከሆነ የየቀለሙ ማተሚያ ሳህኖች በጥቂቱ ሲዛነፉ የፊደሉ ዳር ባለቀለም ጥላ ያወጣል።

መጠንን በሚመለከት ለወረቀት ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ አንድ ኤ4 ገጽ በዚህ መጠን 2480 በ3508 ፒክሰል ነው። ወርዱ 9፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ ሲሠራ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተጨምሮ 96 በ56 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይዘጋጃል፤ ቢላዋው ትንሽ ቢስት ነጭ መስመር እንዳይታይ ነው። ጽሑፍና ሎጎ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በአንድ ኢንች 100 ነጥብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይበቃዋል፤ ሦስት ሜትር ባነር በ300 ለማዘጋጀት መሞከር ላፕቶፑን ከማሞቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ከሁሉም በላይ አንድ ሙሉ ቀን ማተሚያ ቤት ቆመው ይመልከቱ። ፋይል እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ምን እንደሚያበሳጫቸው፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚቆረጥ ያዩት ሰው ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሰው ሰው ጋር ይግባባል፤ ያ ሰው ደግሞ ስህተትዎን ከማተሙ በፊት ስልክ የሚደውልልዎ ብቸኛው ሰው ነው።

ሥራው ከየት ይመጣል

የዲዛይን ገበያ እንደ እርሻ ወቅት አለው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ካርድ ይበዛል፤ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተመራቂዎች መጽሔት፣ ፎቶና ቲሸርት ይመጣል፤ ነሐሴና መስከረም የትምህርት ቤቶች ማስታወቂያና የካሌንደር ጊዜ ነው። በጾሙ ወራት የሚቀዘቅዘውን ሥራ የሚሸፍን ነገር ካልተፈለገ ገቢው ይቆራረጣል።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመክረው የምርት መለያ ወረቀትና ማሸጊያ ነው፤ ሠርግ አንድ ጊዜ ነው፣ ማር የሚሸጥ ሰው ግን መለያው ባለቀ ቁጥር ይመለሳል። ሰሜን ሸዋ ለዚህ የታደለ አካባቢ ነው። የመንዝ የበግ ጠጉር ባና፣ የምንጃር ጤፍና ሽምብራ፣ የሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾና ሽንኩርት፣ ማርና በርበሬ፣ አረቄውም ሳይቀር፣ አብዛኛው ያለ ስም በማዳበሪያና በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚሸጠው። የባና ሸማኔ ማኅበር ዘንድ የሚሄድ ዲዛይነር አበባና ልብ ይዞ አይሂድ፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ የበጉ ጠጉር ራሱ የቀለም ምርጫውን ሰጥቶታል። በምግብ መለያ ላይ የምርቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቹ አድራሻ ቦታ ይኑራቸው፤ ቀኑ በየጊዜው ስለሚለወጥ በማኅተም የሚመታበት ባዶ ሳጥን ይተውለት። በመጠጥ ላይ መስቀልና የመላእክት ሥዕል ማስገባት ገዢን እንጂ ሌላን አያርቅም፤ ደንበኛው ቢጠይቅ እንኳ በትሕትና ያስረዱ።

ዋጋ፣ ቀብድና ፊርማ

ዋጋን ከጎረቤት ጠይቆ ትንሽ መቀነስ የብዙዎች ዘዴ ነው፤ የሚያከስረውም እርሱ ነው። ስሌቱን ከራስዎ ይጀምሩ። ለምሳሌ ያህል በወር 20,000 ብር ለኑሮ፣ 6,000 ብር ለኢንተርኔት፣ ለኪራይ ድርሻና ለሚቀጥለው ላፕቶፕ ቁጠባ የሚያስፈልግዎ ከሆነና ከደንበኛ ጋር የሚወራበት፣ ማተሚያ ቤት የሚኬድበት ጊዜ ተቀንሶ በወር 80 የሚከፈልበት ሰዓት ከቀረዎ፣ አንዱ ሰዓት 325 ብር ነው። አራት ሰዓት የሚወስድ መለያ 1,300 ብር ይሆናል፤ የህትመቱ ወጪ ለብቻው ነው። ቁጥሮቹ እንደየሰው ይለያያሉ፤ ሒሳቡ ግን ይኸው ነው። ማሳተሙንም እርስዎ የሚይዙ ከሆነ የማተሚያውን ዋጋ፣ ባነር ከሆነ በካሬ ሜትር፣ ጠይቀው ድካምዎን ጨምረውበት ያቅርቡ፤ የሁለቱን ሒሳብ አያደባልቁ።

ዋጋውን የሰሙ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ «አንተ ልጅ፣ ይህቺን ስም ለመጻፍ ነው እንዴ ይህን ያህል?» ቢሉ ወዲያው ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም። «እትዬ፣ ስሙን መጻፉ አይደለም፤ እነዚህን ሦስቱን ሠርቼ ነው አንዷን የምንመርጠው» ብለው በወረቀት የተሞከሩትን ንድፎች ጠረጴዛው ላይ ቢዘረጉ ክርክሩ ከዋጋ ወደ ምርጫ ይዞራል። አብዛኛው ሰው የማይከፍለው ድካሙን ስላላየው ነው። ለዘመድና ለዕድር በነፃ የሚሠራ ሥራ እንደሚኖር የታወቀ ነው፤ በዓመት ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ለራስዎ ይወስኑ፣ በነፃ የተሠራውም ሙሉ ዋጋው ተጽፎ «በስጦታ» ተብሎ ይሰጥ።

ማንኛውም ሥራ ቀብድ ሳይያዝ አይጀመር፤ ግማሹ ቢሆን ይመረጣል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ይቀራል። አንድ ገጽ የማይሞላ ስምምነት ይዘጋጅ፤ የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የመጨረሻውን ፋይል ማን እንደሚወስድ ይጻፍበት። እርማቱ ሁለት ጊዜ ይብቃ፤ ከዚያ በላይ ያለው ይከፈልበት። ከህትመት በፊት የመጨረሻው ንድፍ በወረቀት ወጥቶ ደንበኛው ስምን፣ ስልክንና ቀንን አንብቦ «ለህትመት ተስማምቻለሁ» ብሎ ይፈርምበት። ያን 400 ካርድ ባሳተምኩበት ጊዜ ይህ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ መስመሩ የጠፋው ማን ጋ እንደሆነ ቢያንስ ይታወቅ ነበር።

ፈቃድና መብት

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ማውጣት ሥራው ከጎለመሰ በኋላ የሚታሰብ የሚመስላቸው አሉ። ይሁንና ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ያለ ደረሰኝ አይከፍሉም፤ ደህና ሥራ ያለውም እዚያ ነው። የከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤት በየትኛው የሥራ መስክ እንደሚመዘግብዎ ጠይቀው ይጀምሩ። ከጓደኞች ጋር ተደራጅተው ከሆነም የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ብድር የሚለውን አስቀድመው ይስሙ፤ አምስት ዲዛይነር ተደራጅቶ ከሚሠራ አንድ ዲዛይነር፣ አንድ አታሚና አንድ ደንበኛ አግባቢ ሆነው ቢደራጁ ግን ይሻላል።

የፈጠራ ሥራ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ከኢንተርኔት ያወረዱትን ፎቶ ወይም አብነት (ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ንድፍ) ሸጠው ባለቤቱ ቢመጣ በእርስዎ ላይም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። ሎጎ ደግሞ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሊመዘገብ ይችላል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ጸንቶ ይታደሳል። ከነፃ አብነት የተቀዳ ሎጎ ሌሎችም የያዙት ሊሆን ስለሚችል ደንበኛው ለማስመዝገብ በሄደ ቀን ችግር ይገጥመዋል። ከእጅዎ የወጣ «በ» ያለበት ሎጎ ይህ ሥጋት እምብዛም የለበትም።

በመጨረሻ የፋይል አያያዝ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ በውስጡ የሚታረመው ፋይል፣ ወደ ቅርጽ የተቀየረው ፒዲኤፍ፣ የተጠቀሙባቸው ፎንቶች፣ የተፈረመበት ወረቀት ፎቶ ይቀመጡ፤ ቅጂውም በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። የበርበሬ ነጋዴዋ ከሁለት ዓመት በኋላ «ስልኬ ተቀይሯል፣ ቁጥሯን ብቻ ለውጥልኝ» ብለው ሲመጡ ሥራው አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለት ሺህ መለያ ለህትመት የሚሄደውም በዚያችው አሥር ደቂቃ ሥራ ነው።